ግድግዳው የጠጣው ጦስኝ

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ቅጠል በእንፋሎት ቢነጠር፣ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ስንት ጠብታ ይሆን? መብላቱና መተኛቱ፣ መኮራረፉና መታረቁ፣ ወረፋ መጠበቁ፣ ጫማ መጥረጉ ሁሉ ውኃ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል እንበል። ከዚያ ውኃ በላይ የሚንሳፈፍ፣ አልቀላቀልም ብሎ ለብቻው የሚቆም ነገር ይተርፋል ወይ? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሰው ልጅ ሕይወት ትርጉም ብዙ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ጥያቄውን በዚህ መልክ እንድጠይቅ ያደረገችኝ ግን ጦስኝ እያደረቀች የኖረች አንዲት ሴት ናት።

ሰፈሩ «እትዬ ጥላ» ይላት ነበር። ስሙ በክፋት የወጣላት አይደለም። ቅጠል የያዘ ሰው ባየች ቁጥር፣ ሠራተኛዋም ይሁን መንገደኛ፣ «ጥላ፣ ጥላ ውስጥ ያዙት» ስለምትል ነው። የሰፈር ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት አፏን ሳትከፍት «ጥላ» ይሉላታል፤ እሷም «እሰይ፣ እናንተ እንኳን ገብቷችኋል» ብላ ታልፋለች።

አፍንጫዋ የተገራው በልጅነቷ ነው። እናቷ አንድ መድኃኒት ቤት ትጠርግ ነበር፤ ትንሿን ልጅ የምትተውበት ስለሌላት ይዛት ትሄዳለች። ባለመድኃኒት ቤቱ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። ከባንኮኒው ኋላ ደረቅ ቅጠል የሞላባቸው አርባ ትናንሽ መሳቢያዎች ነበሯቸው። ልጅቷን ዓይኗን ያስጨፍኑና አንዱን መሳቢያ ያስሸትቷታል፤ ካወቀች ከረሜላ፣ ካላወቀች ኩርኩም። «ኩርኩሙን የቀመስኩት ሁለቴ ብቻ ነው» ትል ነበር። ጦስኝን ከበሶብላ፣ በሶብላን ከናና ማንም ይለያል። እሷ የዘንድሮውን ናና ከአምናው ትለይ ነበር። ሽማግሌው አንድ ቀን፣ «ሽታ የቅጠሉ ልጅ አይደለም፤ ተከራዩ ነው። ቤቱ ካልተመቸው ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ሲወጣም አያስጠነቅቅም» አሏት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ቢጠቀለል ይኸው ነው፤ ተከራዩን ማባበል።

ያገባችው ቆርቆሮ ሠሪ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ጓሮዋ ያበቀለችውን ጦስኝ አጭዳ፣ ባሏ ትናንት በጨረሰው አዲስ ጣሪያ ላይ አሰጣችው። ፀሐዩ ከረረ፤ ቆርቆሮው ጋለ። በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ እንደ ድርቆሽ ነጥቶ ስታሸተው አቧራ አቧራ አላት። እዚያው ጣሪያው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባሏ ከታች መሰላሉን እንደያዘ «ጣሪያዬ ምን አደረገሽ?» ሲላት፣ «በላብኝ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ቅጠል ለፀሐይ አሳይታ አታውቅም። ባሏ በየሄደበት «የቆርቆሮ ሠሪ ሚስት ሆና ጠላቷ ቆርቆሮ ነው» እያለ ያሳቅባታል። ይሁንና የማድረቂያ መደርደሪያዎቿን እግር የገጠመላት፣ ወንፊቱን በየደርቡ የወጠረላት እሱ ነው።

የምትሠራበት ቤት ቀድሞ የአናጢዎች የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ በጆንያ ስለተሸፈኑ ብርሃን እንደ ሻይ ቀልቶ ነው የሚገባው። ግራና ቀኝ ሰባት ደርብ መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ አንድ የሚንኳኳ ማራገቢያ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ የታጨደው ቅጠል እጅ በእጅ ይገባል። ሽቶ የተቀባ ወይም ሽንኩርት የከተፈ ሰው አይነካውም። አራት ሴቶች አብረዋት ይሠሩ ነበር። አንደኛዋ ሠርጓ በደረሰ ሰሞን ሽቶ ተቀብታ ብትመጣ፣ እትዬ ጥላ ደጃፉ ላይ አቆመቻትና «ዛሬ የሙሽራው ነሽ፤ የጦስኙ ስትሆኚ ነይ» ብላ መለሰቻት። የቅጠሉን መድረቅ የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። አንድ ዘንግ ጆሮዋ ሥር ታደርግና ትሰብረዋለች። «ቀጭ» ካለ ደርሷል፤ ዝም ብሎ ከተጣጠፈ ሁለት ቀን ይቀረዋል።

ጦስኟን ለስድስት ዓመት የወሰደው አንድ የሳል ሽሮፕ ፋብሪካ ነው። በሰባተኛው ዓመት ፋብሪካው ደንብ አወጣ፤ ማንኛውም ቅጠል ከመግባቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመርመር። ላቦራቶሪው እኛ ነበርን።

እኔ ያኔ የዲግሪዬ ቀለም ገና ያልደረቀ የሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስት ነበርኩ፤ ነጭ ጋዋኔን ስለብስ ትከሻዬ ሰፋ የሚል ይመስለኝ ነበር። ስለ ጦስኝ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ሳልተነፍስ እነግረው ነበር። በቅጠሉ ገጽ ላይ ዓይን በቀላሉ የማያያቸው የዘይት ከረጢቶች አሉ። ዘይቱ ተናኝ ነው፤ እንደ ምግብ ዘይት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ሙቀት ሲያገኘው ብን ይላል። ከውስጡ ዋናው ታይሞል የሚባለው ጀርም ገዳይ ነው፤ ካርቫክሮል፣ ሊናሎልና ሌሎችም በያቅማቸው ከጎኑ ይገኛሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ጦስኝ አሽትቼ ግን አላውቅም ነበር።

ላቦራቶሪያችን የተቋቋመው ለእህል ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ባቄላ ይመጣል፤ ይፈጫል፤ በመቶ አምስት ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ ይመዘናል። የጎደለው ክብደት ውኃ ነው ተብሎ «እርጥበት» በሚለው መስመር ይጻፋል። ከዚያ ያው የደረቀው ዱቄት ለአመዱም፣ ለቅባቱም፣ ለሌላውም ምርመራ ይከፋፈላል። ሥራ ያቀላል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠራ ስንዴ አንድም ቀን አልተከፋም። ቅጠል መምጣት ሲጀምር አዲስ የማንጠሪያ መስታወት ተገዛ፤ ቅጹ ላይ «ተናኝ ዘይት» የሚል መስመር ተጨመረ። ሌላው አሠራር እንደነበረ ቀጠለ።

ደንቡ ከመቶ ግራም ቅጠል ቢያንስ አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊ ሊትር ዘይት ይጠይቃል። የእትዬ ጥላ ጦስኝ ዜሮ ነጥብ ሁለት አመጣ። ፈረምኩ። በወሩ ሁለተኛው ጭነት መጣ፤ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ፈረምኩ። ሁለቴ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲመጣ ልቤ ሞላ። የማይወላውል ስህተት ከእውነት ጋር መልኩ አንድ መሆኑን ያኔ ማን ነግሮኝ። ኃላፊያችን ጠንቃቃና ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ፤ ከውጤቱ ግርጌ በእጃቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩበት፤ «ቅጠሉ ከመሸጡ በፊት ዘይቱ የወጣለት መሆኑ ያጠራጥራል።»

ቤት ልታፈርስ የነበረችው ይቺ ዐረፍተ ነገር ናት። ፋብሪካው ለእትዬ ጥላ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሦስተኛው ጭነት እንዲሁ ከሆነ ውሉ ይቋረጣል። ውሉ ከተቋረጠ አዳራሹ ይዘጋል፣ አራቱ ሴቶች ይበተናሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስሟ ነው። ዘይቱን መጥጣ ገለባውን የምትሸጥ ሌባ ተባለች፤ ከእንግዲህ የትኛው ገዢ እጇን ያምናል? ባሏ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ደብዳቤውን ባነበበች በሦስተኛው ቀን አንድ ጆንያ ጦስኝ አሸክማው «ተነሥ፣ ቅጠሌ የሞተበትን ቤት አየዋለሁ» አለችው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ናሙና መቀበያው ጋ ቆማ አገኘኋት። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ያሰረች ሴት። ባሏ ጆንያውን ተሸክሞ ከኋላዋ ቆሟል።

«እዚህ ወረቀት ላይ የፈረምከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጄን ታክላለህ፤ ስለዚህ አልቆጣህም። ሌባ ነሽ ያልከኝ ግን ምን አይተህ ነው?»

«እኔ የጻፍኩት ቁጥር ነው እትዬ። ቁጥር ሰው አይሰድብም።»

ባሏ ጆንያውን አወረደና ወገቡን አቃንቶ «እንግዲህ ቁጥርህ እኛ ሰፈር ሲደርስ አፍ አውጥቷል» አለ።

ኃላፊው ድምፅ ሰምተው ወጡ። ላቦራቶሪ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ቅሬታ ካለ በጽሑፍ ይቅረብ አሉ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«የመረመርከው ቅጠል ተርፎሃል?»

ተርፎኝ ነበር፤ ከደረቀው ዱቄት የቀረውን ለስድስት ወር ማስቀመጥ ደንባችን ነው። ክዳን ያለውን ብልቃጥ አምጥቼ ሰጠኋት። ከፈተችው፤ አፍንጫዋን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቆየች። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የዘመዱን ሬሳ እንዲለይ የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

«የኔ ነው» አለች። «መልኩን አውቀዋለሁ። ግን ሞቷል። የሞተው ደግሞ እኔ ጋ አይደለም፤ እዚሁ ነው።»

«እዚሁ ማለት የት?» አሉ ኃላፊው።

«እሱን እኔ ምን አውቄ ጌታዬ። ከዚህ በር ከገባ በኋላ የሄደበትን መንገድ ያሳዩኝና እነግርዎታለሁ።»

ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ወረፋ የያዙት ባለስንዴዎች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። በሰው ፊት እምቢ ማለት ከበዳቸው መሰለኝ፣ «አሥር ደቂቃ» አሉ።

ወፍጮ ክፍል ገባን። ቆም ብላ በረጅሙ ተነፈሰችና «እዚህ ደኅና ነበር» አለች። ሚዛን ክፍል ገባን። «እዚህም ደኅና ነበር።» ባሏ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «የጉምሩክ ውሻ ነው ያመጣሁባችሁ» ሲለኝ ሰማችው።

«አንተ ያመጣኸው ጆንያውን ነው» አለችው ሳትዞር። «እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ከመተላለፊያው ጫፍ የምድጃው ክፍል አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ዕቃ አጣቢያችን ብርጭቆውን ሁሉ የምታጥብበት ክፍል። እትዬ ጥላ የምድጃው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ገብታ ግድግዳውን ተጠጋች፤ መዳፏን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፤ አሸተተችው። ቀና ብላ ከምድጃው በላይ፣ ትኩሱ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ የከበበውን ቢጫ ቀለበት አየች።

«ይኸው ጦስኜ» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ። «ግድግዳችሁ ጠጥቶታል።»

ኃላፊው ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ዕቃ አጣቢያችን እጇን በሽርጧ እያደረቀች ብቅ አለችና፣

«እውነቷን ነው ጋሼ» አለች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ክረምት ከበጋ ደረቷ የሚታፈን ሴት ናት። «ቅጠል ያደረ ለታ ጠዋት ይሄ ክፍል የሳል መድኃኒት ይሸታል። እኔማ ቁርሴን እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው፤ ደረቴን ከፈት ያደርግልኛል። ባለፈው ወር ሳል ይዞኝ ሽሮፕ ሳልገዛ ነው የዳንኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ብናገር ያስቀሩብኛል ብዬ።»

የሳቀ ሰው የለም። የምድጃውን ሙቀት መለኪያ አየሁት፤ መቶ አምስት ላይ ቆሟል። ፈተና ላይ አሳምሬ የጻፍኩት ሁሉ፣ ከረጢቱ፣ ተናኙ ዘይት፣ ሙቀቱ፣ አንድ ባንድ ፊቴ ተደረደረና እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ዘይቱን ሌሊቱን ሙሉ ለአየር ስንለቀው አድረን፣ በማግስቱ የጎደለውን ክብደት «እርጥበት» ብለን ጽፈነዋል። የሴትዮዋን ዘይት ውኃ ብለን መዝግበን፣ ዘይቱን የት አደረስሽው ብለን እሷኑ ከሰናታል።

ኃላፊው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ይሄ ግምት ነው» አሉ። «ሽታ ማስረጃ አይሆንም።»

«እሺ፣ ማስረጃ በምትሉት ነገር አሳዩኝ» አለች። «ከዚህ ጆንያ ሁለት ጊዜ ዝገኑ። አንዱን እንደ ልማዳችሁ ምድጃ ውስጥ አሳድሩት። ሌላውን ምንም ሳታደርጉት አንጥሩት። ነገ እመጣለሁ። የፋብሪካውም ሰው ይምጣ፤ እኔ ሌባ የተባልኩት በሰው ፊት ነው።»

«ሁለቱም ዜሮ ነጥብ ሁለት ቢሆኑስ?»

«ከሆኑማ አዳራሹን በእጄ እዘጋዋለሁ። ቁልፉንም ለዚህ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ስንዴውን ያድርቅበት።»

በማግስቱ ሁለት ሆደ ክብ የመስታወት ፍላስክ ጎን ለጎን ተጣዱ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቅጠሉ ከውኃ ጋር ይፈላል፣ እንፋሎቱ ዘይቱን አዝሎ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲያገኘው ሁለቱም ጠብታ ሆነው ቁጥር የተሰመረበት ቀጭን መስታወት ውስጥ ይወርዳሉ። እዚያ ይለያያሉ፤ ውኃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ። በግራው ፍላስክ ከምድጃ የወጣው መቶ ግራም፣ በቀኙ ከጆንያው በቀጥታ የተዘገነው መቶ ግራም። ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ መዘንኳቸው።

እትዬ ጥላ ረጅሙ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። የፋብሪካው ሰው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ መስኮቱ ጋ ቆመ። ኃላፊው ይገባሉ ይወጣሉ። ዕቃ አጣቢያችን የምታጥበው ዕቃ ባይኖራትም እዚያው ነበረች። ቆርቆሮ ሠሪው መስታወቶቹን ከላይ እስከ ታች ሲያጠና ቆየና፣

«ይሄንን በቆርቆሮ ብሠራላችሁ አይሰበርም ነበር» አለ።

«ውስጡን በምን ልናየው ነው ታዲያ?» አለችው አጣቢያችን።

«እናንተ ሲታያችሁም አላያችሁ።»

እዚህ ላይ ኃላፊው ሳቁ። በዚያ ቤት ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

መፍላት ጀመረ። በመጀመሪያ የወረደው ሁሉ ውኃ መሰለ። ቀጥሎ በቀኙ ቱቦ አናት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቢጫ መስመር ታየች። ወፈረች። አንድ መስመር ሞላች፤ ሁለተኛውን ያዘች፤ እያየናት ወደ ላይ ትቆጥራለች። ሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ትቶ ለእኛ ደረሰን። በግራው ቱቦ ላይ ያለችው እንደ ምራቅ ስስ ሆና እዚያው ቀረች። ከተጣደ ሁለት ሰዓት ሲሞላው እሳቱን ቀነስኩ፤ ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፤ ራሴን ስላላመንኩ እንደገና አነበብኩ።

«ሁለት ነጥብ አንድ» አልኩ።

የፋብሪካው ሰው ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ራሱ አነበበ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ አነበቡ፤ ወደ ግራው ዞረው እሱንም አነበቡ። ዜሮ ነጥብ ሁለት።

«እኔ እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ሆነኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም።»

እትዬ ጥላ አልጮኸችም፣ እልልም አላለች። ከዱካው ወረደችና ቱቦውን ተጠጋች። ወርቃማዋን ቀለበት በጣቷ ከውጭ ነካ አደረገቻት።

«ይቺ ናት?» አለችኝ።

«ይቺ ናት።»

«ሃያ ዓመት ስጠብቃት ኖርኩ። አይቻት ግን አላውቅም ነበር።»

ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ጦስኙ ዓይኔ ገባ» አለ። ማንም አልተከራከረውም።

የዚያን ዕለት ኃላፊው ያደረጉትን ስንቱ ሹም ያደርገዋል እያልኩ አስባለሁ። የጠረጠሩበትን ወረቀት አስመጡና ከዐረፍተ ነገራቸው በታች፣ በዚያው በእጅ ጽሑፋቸው «ስህተቱ የላቦራቶሪው ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙበት። እኔንም አስፈረሙኝ። የፋብሪካው ሰው ደብዳቤውን እሷ ፊት ለሁለት ቀደደው። የዚያ ወቅት ቅጠል ሁሉ እንደገና ተመረመረ፤ አንድ የናናና ሁለት የበሶብላ አድራቂዎች እንደ እሷው በከንቱ ተጠርጥረው ኖሮ ነጻ ወጡ። ከበሶብላዎቹ አንደኛው፣ አፈ ግትር የሆኑ አዛውንት፣ አዳራሿ ድረስ መጥተው «እኔ ሌባ መሆኔን አምኜ ልቀመጥ ነበር፤ አንቺ ከየት የመጣሽ ልብ ነሽ?» አሏት። እሷም የያዙትን የበሶብላ እስር አይታ «መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ያስገቡት አባቴ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ላቦራቶሪው ሁለተኛ ቤቷ ሆነ። ማጉያ መነጽር ሰጥቼ የቅጠሉን ጀርባ ያሳየኋት ቀን ትዝ ይለኛል። እንደ ጤዛ ያብለጨለጩ ወርቃማ ነጠብጣቦች። ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «ተከራዮቹ» አለች። «እያንዳንዳቸው ለየብቻ ክፍል አላቸው እንዴ? ሽማግሌው ቢያዩት።» ሌላ ቀን ዘይቱን በያይነቱ የሚለየው መሣሪያ ወረቀት ላይ የሳላቸውን ተራሮች አሳየኋት። ትልቁ ታይሞል ነው፤ ከጎኑ ካሉት ትናንሾች አንዳንዶቹ ገና ታይሞል ለመሆን መንገድ ላይ ያሉ ናቸው አልኳት።

«ሰዓቱን ጠብቀን አጭደን ነዋ» አለች። «ብንቸኩል ትንሾቹ ይበዛሉ፤ ብንዘገይ ትልቁም ይሄዳል።»

ለአራት ዓመት ከአንድ መደብ ላይ ጎሕ ሲቀድ፣ ረፋድ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ከአበባ በፊት፣ አበባው ሲጀምር፣ አበባው ሲረግፍ እያጨደች አመጣች። ሁሉንም ሰዓቱንና ቀኑን በተማሪ ደብተር ጽፋ። እኔ መሣሪያው ውስጥ አስገባሁት። ትልቁ ተራራ ከፍ ብሎ የተገኘው አበባው ሊፈነዳ ሲጀምር፣ ጤዛው ረግፎ ቀትር ሳይደርስ ነበር፤ እሷ ከጥንት ጀምሮ የምታጭድበት ሰዓት። ደብተሩን ዘጋችና «መሣሪያህ ጎበዝ ነው» አለችኝ። «እኔ ያልኩትን ደግሞ ይናገራል።»

አዳራሹ ሰፋ። አራቱ ሴቶች ሠላሳ ሆኑ፤ ከእነሱም የራሳቸውን ማድረቂያ የከፈቱ አሉ፤ በሁሉም ቤት መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ ነው። የምርመራው ደንብ ሲሻሻል ደግሞ አንዲት አንቀጽ ገባችበት፤ «ለተናኝ ዘይት ምርመራ የሚወሰድ ቅጠል አስቀድሞ በሙቀት አይደርቅም።» ይቺ አንቀጽ ዛሬ በየላቦራቶሪው አለች። የሚያነቡት ወጣቶች እግሯ መሬት የማይደርስ ሴት ዱካ ላይ ተቀምጣ እንደጻፈቻት አያውቁም። መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ ቢኖር እዚህ አካባቢ ነው መሰለኝ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ሲነጠር፣ ሌላው ሰው ሳያውቀው የሚታመንበት አንዲት ዐረፍተ ነገር ከተረፈው ትንሽ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሁለት ነጥብ አንድ በወጣበት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል፣ ኃላፊው «ምን እናድርግልዎ?» ብለዋት ነበር። ይቅርታም ካሣም አልጠየቀችም። ቅጹን አነሣች። ስምንት መስመር አለው፤ ክብደት፣ እርጥበት፣ አመድ እያለ እስከ ተናኝ ዘይት ይወርዳል። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር በላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ አንድ መስመር ጨምሩልኝ» አለች። «‹ከመመዘኑ በፊት ያሸተተው ሰው› የምትል። ስሙን ይጻፍ፤ ምን እንደሸተተው በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ይፈርም። ቅጠል ሲሞት ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅለት።»

ኃላፊው እናስብበታለን አሉ። አሰቡበትና ሽታ አሃዝ ስለሌለው አይሆንም አሉ። ሦስት ጊዜ በእጇ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ቅጹ በበላይ አካል የጸደቀ ስለሆነ» የሚል መልስ መጣላት። በኋላ እኔ ራሴ ኃላፊ ሆንኩ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት። ረቂቁን አዘጋጅቼ ወደ በላይ ላክሁት፤ በቀይ እስክሪብቶ «መለኪያው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበት ተመለሰ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለገዛ ቤታችን ብቻ በእጄ ልጨምረው እችል ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።

በስተርጅናዋ አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟት ሲለቃት አፍንጫዋን ይዞት ሄደ። ከዚያም በኋላ አዳራሹን አልተወችም፤ ዘንጉን ጆሮዋ ሥር እየሰበረች መድረቁን ትናገራለች፣ ሽታውን ሌሎቹ ይነግሯታል። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ልጠይቃት ሄድኩ። አንድ የጦስኝ ዘለላ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

በጣቴ አሽቼ አሸተትኩት። መጀመሪያ የሚሰነፍጥ፣ ቀጥሎ እንደ ሎሚ ልጣጭ የሚል፣ መጨረሻ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ጉሮሮ ላይ የሚተው ነው አልኳት። አበባው ሊፈነዳ ሲል የታጨደ ይመስለኛል አልኳት።

«ልክ ነህ፤ ዛሬ ረፋድ ነው የታጨደው» አለች፤ ፊቷ በራ። «አየህ፣ አንተም ቻልክበት። እንግዲህ ያቺን መስመር አስጨምርልኝ።»

በማግስቱ ላቦራቶሪው ሄጄ በእኔ ቦታ ለተተካው ሰው ነገርኩት። በአክብሮት አዳመጠኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ፤ እስከ በሩም ሸኘኝ። ቅጹ ዛሬም ስምንት መስመር ነው፤ የመጀመሪያው «ክብደት» ይላል።